ጭስ የጠጣ ቡፌ እንዴት ይቀባል

ጎንደር ውስጥ በብዙ ቤት ሳሎን ጥግ ላይ አንድ ከባድ ቡፌ ቆሞ ታገኛላችሁ። ከላይ ሁለት ሦስት መሳቢያ፣ ከሥር ባለ ሁለት ተካፋች በር፣ ላዩ በዳንቴል የተሸፈነ፣ ፖሊሹ ከዓመት ዓመት እየጠቆረ ቀይ ይሁን ጥቁር የማይለይ። እንዲህ ያለውን ዕቃ በክሬም፣ በደብዛዛ አረንጓዴ ወይም በፈዘዘ ሰማያዊ ቀብቶ፣ ጠርዝ ጠርዙን አሳስቶ፣ በሰም ማልበስ ይቻላል። በደንብ ከተሠራ ጨለማውን ክፍል ያፈካል። በችኮላ ከተሠራ ግን ዓመት ሳይሞላው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሣል።

መልኩ የመጣው ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሳይና ከስዊድን የገጠር ቤቶች ነው። እዚያ ከተራ እንጨት የተሠራ ዕቃ ባረጀ ቁጥር በላዩ ላይ ይቀባ ነበር፤ እጅ የሚይዘው፣ እግር የሚገፋው፣ መጥረጊያ የሚነካው ቦታ እየሳሳ ሲሄድ የሥሩ ቀለም ብቅ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1990 አኒ ስሎን እንግሊዝ አገር ውስጥ እንደ ጠመኔ ደብዛዛ የሆነውን ቀለሟን ካወጣች በኋላ ሥራው ማንም በቤቱ የሚሞክረው ሆነ፤ ቀለሙ ብዙ ሳይታሽ እንጨት ላይ ይይዛልና። በኢንተርኔት የሚዞረው «ጠራርጋችሁ ብቻ ቀቡ» የሚል ምክር ሥሩ ይኸው ነው።

የእኛ ዕቃ ግን ሌላ ኑሮ ኖሯል። በቀን ሦስት ጊዜ ቡና ሲፈላ አጠገቡ ቆሟል፤ ከሰሉ ጤሶበታል፣ ዕጣኑ ጨሶበታል፣ ቅቤው ሲነጠር እንፋሎቱ አርፎበታል። ላዩ ላይ ያለው ጥቁረት ግማሹ ፖሊሽ አይደለም፤ ጥላሸትና ቅባት ከዕጣን ሙጫ ጋር ተጋግሮ ነው። በዚያ ላይ የተቀባ ቀለም የያዘው ጭሱን ነው፤ ጭሱ ሲለቅ አብሮ ይለቃል። ስለዚህ ከሥራው ከግማሽ በላይ የሚሆነው ቀለም ቆርቆሮው ሳይከፈት ነው የሚያልቀው።

የትኛው ይቀባል፣ የትኛው ይተዋል

ወጥ ዋንዛ ሆኖ መስመሩ የሚያምር፣ ወይም ከወይራ የተጠረበ ዕቃ አትቀቡ። በዚህ አልደራደርም። ዋንዛ ታጥቦ በሰም ሲታሽ የሚያወጣውን ቀለም የሚተካ ቆርቆሮ ቀለም የለም፤ ነጭ ቀለም አንዴ በእንጨቱ ቀዳዳ ከገባ ደግሞ እስከ ሥሩ መልሶ ማውጣት አይቻልም። ለማወቅ ቀላል ነው፦ መሳቢያውን መዝዛችሁ ፖሊሽ ያልነካውን የውስጥ ጎኑን እዩ። ወርቃማ ቡናማ፣ ቀለል ያለና መስመሩ የሚለይ ከሆነ ምናልባት ዋንዛ በእጃችሁ አለ፤ ለአናጺ አሳዩት።

ለቀለም የሚሆነው ቅይጡ ነው። ፊቱ አንድ እንጨት፣ ጎኑ ኮምፔንሳቶ፣ የኋላው ባህር ዛፍ የሆነ፤ ጀበና ያቃጠለው፤ አንድ እግሩ በሌላ እንጨት የተተካ፤ ከዚህ በፊት አንድ ሰው በዘይት ቀለም የለቀለቀው። እንዲህ ያለውን አንድ መልክ የሚሰጠው ቀለም ነው።

ቺፕውድ ሲሆን የታችኛውን ጠርዝ በጥፍር ፈትኑት። ውሃ ጠጥቶ ካበጠና ከተፈረፈረ የተፈረፈረው ክፍል ተቆርጦ ይተካል እንጂ በስቱኮ አይድንም። ፎርማይካ ከሆነ መቀባት ይቻላል፤ ግን ላዩ እስኪደበዝዝ በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ካልታሸና በደንብ የሚነክስ ፕራይመር ካልቀደመው በጥፍር ይነሣል።

ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር የሚሆኑ ክብ ቀዳዳዎች ካያችሁ ነቀዝ ነበረበት ማለት ነው። አሁንም አለ ወይ? ከሥሩ ነጭ ወረቀት አንጥፋችሁ ለሳምንት ተዉት። ወረቀቱ ላይ እንደ ዱቄት የነጣ ብናኝ ከተጠራቀመ ለእንጨት የሚሆን ፀረ ተባይ በመርፌ በየቀዳዳው ተግቶ መድረቅ አለበት። ላምባ መቀባት የተለመደ ነው፤ እኔ አልመክረውም። ሽታው ሲጠፋ የሄደ ይመስላል፣ ቅባቱ ግን እንጨቱ ውስጥ ይቀርና ቀለሙን ይገፋል።

አሮጌ ቀለም ያለበት ዕቃ ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የድሮ የዘይት ቀለም ውስጥ እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖር ይችላል፤ በኢትዮጵያ በቀለም ውስጥ የሚኖረው እርሳስ ከ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 90 እጅ) እንዳይበልጥ የሚያዝዘው ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው፤ ከዚያ በፊት የተቀባውን በጥርጣሬ እዩት። ደረቁን አትሹት። ብርጭቆ ወረቀቱን ውሃ ውስጥ እየነከራችሁ እሹ፣ ጭቃውን በጨርቅ ሰብስባችሁ በፌስታል ጣሉ፣ ሕፃናትና ነፍሰ ጡር ሴት በአካባቢው አይኑሩ። በእሳት ነበልባል ማቃጠልማ ፈጽሞ አይሞከርም፤ እርሳሱ ተን ሆኖ ይተነፈሳል።

ጊዜው

ሐምሌና ነሐሴ ይህ ሥራ የለም። እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል፣ መሳቢያው ይጣበቃል፣ ቀለሙ ላዩ ደርቆ ውስጡ ይለጠፋል። በጋው ይሻላል፤ እርሱም የራሱ ጠባይ አለው። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች ፀሐዩ ይጠብሳል፤ ደጅ ፀሐይ ላይ የተቀባ በር ብሩሹ ሳይነሣ ይደርቅና የብሩሹ ፈለግ እንደ እርሻ ትልም ይቀራል። ሌሊቱ ደግሞ ይበርዳል። በውሃ የሚሟሟ ቀለም ከ10 ዲግሪ በታች ሲሆን በትክክል አይያያዝም፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ከሰዓት 8 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ጥላ ሥር፣ አየር በሚገባበት በረንዳ ቀቡ።

ብዙ ሰው ቤቱን የሚያሰናዳው ለጥምቀት እንግዳ ነው። እንግዲያው ወደ ኋላ እንቁጠር። ቀለም በአንድ ቀን ይደርቃል፣ ለመጠንከር ግን 21 ቀን ያህል ይፈልጋል። ጥር 11 ቀን ሰሃንና ብርጭቆ የሚደረደርበት ከሆነ የመጨረሻው እጅ ቀለም ታኅሣሥ 20 ማለቅ አለበት። ማጠቡ፣ ጥገናው፣ ማድረቁና እጅ በእጅ መቀባቱ አሥር ቀን ይወስዳል። ታኅሣሥ 10 ቪቴው መፈታት አለበት ማለት ነው። በከተራ ዋዜማ የተቀባ ቡፌ ሰሃኑን ይዞ ይቀራል፤ ሰሃኑ ሲነሣ ቀለሙ አብሮ ይነሣል።

ጭሱን ማውጣት

እጀታ፣ ማጠፊያ፣ ቁልፍ ሁሉ ይፈታ። የየበሩን ቪቴ ለየብቻ ቋጥሩ፣ መሳቢያዎቹን ከጀርባ በእርሳስ ቁጥር ጻፉባቸው። በእጅ የተሠራ ቡፌ ላይ አንዱ መሳቢያ በሌላው ቦታ አይገባም፤ በግድ ሲገባ አዲሱን ቀለም ይልጠዋል።

ቆሻሻው ሦስት ዓይነት ነው፤ ሦስቱም በአንድ ነገር አይለቁም። ጥላሸትና የቅቤ ቅባት በሳሙና ይለቃል፦ በ5 ሊትር ለብ ያለ ውሃ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የዱቄት ሳሙና፣ ጨርቁን በደንብ ጨምቆ፣ ከታች ወደ ላይ። ከላይ ከተጀመረ ቆሻሻው ውሃ በደረቁ እንጨት ላይ እየወረደ ሊጠፋ የማይችል መስመር ያወጣል። ውሃው እንደ ሻይ ይሆናል፤ ደጋግማችሁ ቀይሩት። ከዚያ በንጹሕ ውሃ ሁለት ጊዜ ጥረጉ፤ የቀረ ሳሙና ራሱ ቀለም አያስይዝም። ኮምፔንሳቶና ቺፕውድ ላይ ጨርቁ የራሰ ሳይሆን ረጠብ ያለ ብቻ ይሁን።

ዕጣኑ ሙጫ ነው፤ ሳሙና አይበግረውም። ጣት ሲያርፍበት የሚይዝ፣ የሚለጠልጥ ቦታ ካለ በአልኮል በረጠበ ጨርቅ ጥረጉት። ብዙውን ጊዜ ከላይኛው ጠርዝ ሥርና ከተቀረጸው ጌጥ ጎድጓዳ ውስጥ ተደብቆ ይገኛል፤ የጥርስ ብሩሽ ያስፈልጋል። በዚያውም ስለ ፖሊሹ ታውቃላችሁ፦ አልኮሉ ራሱን ፖሊሹን ካለሰለሰውና ካጣበቀው ሼላክ፣ ማለትም በአልኮል የሚሟሟ የሙጫ ፖሊሽ፣ ነው፤ ምንም ካላደረገው የዘይት ቫርኒሽ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው የዕቃ ማወልወያ ሰምና ሲሊኮን ነው። ይህ በአኳራጅ፣ የዘይት ቀለም በሚቀጥንበት ፈሳሽ፣ ይጠረጋል። በአንድ ጨርቅ ዙሪያውን መዞር አያወጣውም፣ ያዛውረዋል እንጂ፤ ጨርቁን በየጊዜው አገላብጡ፣ ቀይሩ። ሲሊኮን ከቀረ ቀለሙ ላይ እንደ ዓሣ ዓይን የሚመስሉ ክብ ክብ ባዶ ቦታዎች ይከፈታሉ።

ሲደርቅ አንድ ጠብታ ውሃ ላዩ ላይ ጣሉ። ጠብታው ኳስ ሆኖ ከተንከባለለ ገና ቅባት አለ፤ ተዘርግቶ ከቆየ ደህና ነው። ይህን በአራት አምስት ቦታ፣ በተለይ በእጀታው ዙሪያ ሞክሩት። እጅ የኖረበት ቦታ ከሁሉ የበለጠ ቅባት አለው።

በድስት ሽቦ አትፈትጉ። የብረቱ ስባሪ እንጨቱ ውስጥ ይቀርና ውሃ ሲያገኝ ይዝጋል፤ ባህር ዛፍን በመሰለ ታኒን (እንጨት በተፈጥሮው የሚይዘው አቅላሚ ነገር) ባለው እንጨት ላይ ደግሞ ጥቁር ነጠብጣብ ይሠራል። ካጠባችሁ በኋላ መሳቢያው ወጥቶ፣ በሩ ተከፍቶ 24 ሰዓት ይድረቅ።

ጥገና ላይ አልቆይም፤ አንድ ነገር ብቻ አጥብቄ ልናገር። የላላ መጋጠሚያ ላይ አዲስ ኮላ ማፍሰስ ዋጋ የለውም፤ አዲሱ ኮላ በአሮጌው ኮላ ላይ አይይዝም። መጋጠሚያውን አላቅቃችሁ፣ የድሮውን በሙቅ ውሃ አለስልሳችሁ በመሮ ፋቁት፣ ሲደርቅ አዲሱን ቀቡና አጥብቁ። ሞርሳ ከሌለ ገመድ ሁለት ዙር አዙራችሁ በመሐሉ በትር አስገብታችሁ አጠንጥኑት፤ ጠርዙን እንዳይበላ ከሥሩ ካርቶን ይግባ። 24 ሰዓት አይነካ። ትንንሽ ቀዳዳ በኮላ በተለወሰ የእንጨት ብናኝ ይሞላል። በጀሶ የተሞላ ጠርዝ በመጀመሪያው ግጭት ይወድቃል።

ቀጥሎ ማሸት። ቁጥር 120 ከዚያም 180፣ በእንጨቱ መስመር አቅጣጫ። ዓላማው አንጸባራቂነቱን ማጥፋት ብቻ ነው፤ ባዶ እንጨት ድረስ መውረድ አያስፈልግም፣ በኮምፔንሳቶ ላይ ደግሞ አደገኛ ነው፤ የላዩ ሽፋን ከአንድ ሚሊሜትር የሚያንስበት አለ። ብናኙን በብሩሽ አራግፋችሁ በለስላሳ ጨርቅ ጥረጉ።

ከሥር የሚወጣው ቀይ

ነጭ ቀለም በሦስተኛው ቀን ሮዝ ወይም ቢጫ ሲሆን ሰው «ቀለሙ መጥፎ ነው» ይላል። ቀለሙ አልበደለም። ቀዩ ፖሊሽ ውስጥ ያለው ማቅለሚያና እንጨቱ ራሱ የያዘው ታኒን በውሃ ይሟሟሉ፤ በውሃ የሚሟሟ ቀለም ስትቀቡባቸው ውሃው ይቀሰቅሳቸውና ቀለሙ ሲደርቅ ወደ ላይ ይዞአቸው ይወጣል። ሌላ እጅ ብትደግሙ ሌላ ውሃ ሰጣችኋቸው ማለት ነው፤ እንደገና ይወጣሉ። አምስት እጅ ተቀብቶ አሁንም ሮዝ የሆነ በር የሚያጋጥመው በዚህ ምክንያት ነው። ጽድ ጉጡ ላይ ቅባትና ሙጫ ስላለው ከጊዜ በኋላ እንደ ሻይ ጠብታ የመሰለ ቢጫ ክብ ያወጣል። ኮሶም ቀይ ነው፣ ያስቸግራል። የምስማር ራስ ዝገት ደግሞ ቡናማ ነጥብ ሆኖ ይወጣል።

ስለዚህ ሙሉውን ከመቀባታችሁ በፊት ከበሩ ጀርባ የመዳፍ ያህል ቦታ ነጩን ቀለም ቀብታችሁ 24 ሰዓት ጠብቁ። ንጹሕ ከቀረ እለፉ። ከተለወጠ ማገጃ ያስፈልጋል።

ከሁሉ የሚሻለው ማገጃ ሼላክ ነው፤ የሚሟሟው በአልኮል እንጂ በውሃ ስላልሆነ ታኒኑን አይቀሰቅሰውም። ፍሌኩን፣ ማለትም ቅርፊት የመሰለውን ደረቁን ሼላክ፣ ካገኛችሁ 250 ግራሙን በ1 ሊትር 96 ከመቶ አልኮል ውስጥ አድርጋችሁ በብርጭቆ ዕቃ ሌሊቱን ይደር፤ በየጊዜው ነቅንቁት፣ በስስ ጨርቅ አጥሩት። በ70 ከመቶ አልኮል አይሆንም፤ ውስጡ ያለው ውሃ ያደፈርሰዋል። ሁለት ስስ እጅ፣ በመካከሉ አንድ ሰዓት። ሼላክ ካልተገኘ የዘይት ፕራይመር ይሠራል፤ እርሱ ግን 24 ሰዓት ይደርቃል፣ ከዚያ በ220 በስሱ ይታሻል። የምስማር ራስ ላይ አንቲረስት ጠብ አድርጉ። የመሳቢያው ውስጥ የቆየ ሽታ ካለውም ያው ሼላክ ውስጡን ቢቀባ ሽታውን ይዘጋዋል።

ሼላኩም ሆነ የዘይት ፕራይመሩ ሲቀባ በር ይከፈት፣ ማስክ ይደረግ፣ አጠገብ ከሰል አይኑር።

ቀለሙ

ምን ያህል ይበቃል? ቁመቱ 90፣ ወርዱ 120፣ ጥልቀቱ 45 ሳንቲሜትር የሆነ ቡፌ ፊቱ፣ ሁለት ጎኑና ላዩ ተደምሮ 2.4 ካሬ ሜትር ያህል ነው። የበሩን ውስጥ፣ እግሩንና ጠርዙን ስትጨምሩ 3.5 ካሬ። አንድ ሊትር ቀለም በአንድ እጅ 10 ካሬ ሜትር ያህል ይሸፍናል። የሥሩ ቀለም (ጠርዙ ሲሳሳ ብቅ የሚለው) አንድ እጅ፣ የላዩ ሁለት እጅ ከሆነ የሥሩ ግማሽ ሊትር፣ የላዩ አንድ ሊትር ገዝታችሁ ይተርፋችኋል። አራት ሊትር የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ያባክናል።

የጠመኔ መልክ ያለው ቀለም ከሌለ በቤት ይሠራል። ደብዛዛ የውሃ ቀለም ሦስት ብርጭቆ፣ ጀሶ አንድ ብርጭቆ፣ ለብ ያለ ውሃ አንድ ብርጭቆ። ጀሶው በቀጭን ወንፊት ይነፋ፤ መጀመሪያ ከውሃው ጋር ጉብታ እስኪጠፋ ይለወስ፤ ከዚያ ቀለሙ ላይ ይጨመር። ተቃራኒውን ካደረጋችሁ፣ ማለትም ደረቅ ጀሶ ቀለም ውስጥ ከበተናችሁ፣ አሸዋ የመሰለ ፊት ይወጣል። ጀሶ ስለሚጠነክር ለዕለቱ የሚበቃውን ብቻ አዘጋጁ፤ ሲወፍር ውሃ ጨምሮ ማቅጠን አያድነውም፣ ይጣላል። በዘይት ቀለም ይህ አይሠራም።

ስለ ቀለም ምርጫ፦ ከቆርቆሮው የወጣ ጥሬ ነጭ ክሊኒክ ያስመስላል። በአንድ ሊትር ነጭ ላይ ጥቂት ጠብታ የአፈር ቢጫ ጨምሩ፤ ክሬም ይሆናል። ጫፍ የነካ ጥቁር ሲጨመር ቢጫው ይበርድና ያረጀ ይመስላል። ለደብዛዛው አረንጓዴ የወይራ ቅጠልን ገልብጣችሁ ጀርባውን እዩ፤ ያንን ግራጫ ያለው አረንጓዴ ነው የምንፈልገው፣ ነጭ ላይ አረንጓዴ፣ ትንሽ የአፈር ቢጫና እጅግ ጥቂት ጥቁር። ቀለሞች አርጅተው አብረው ሲስማሙ ማየት የፈለገ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብቶ የጣሪያውን መላእክት ቀና ብሎ ይመልከት፤ የፈዘዘ ቀይ፣ ቡናማና ቢጫ ሳይጋጩ እንዴት እንደሚኖሩ ያያል። የቀላቀላችሁትን ደግሞ ለሙሉው ሥራ የሚበቃውን በአንድ ጊዜ ቀላቅሉ፤ ሁለተኛው ድብልቅ ከመጀመሪያው ጋር አንድ አይሆንም። ጀሶው ብቻ በየዕለቱ ይጨመርበት። ደግሞም የውሃ ቀለም ሲደርቅ ይጠቁራል፤ ምርጫችሁን በደረቀ ቁራጭ እንጨት ላይ ወስኑ።

አቀባቡ ቀላል ነው። ብሩሹን ከጸጉሩ አንድ ሦስተኛ ብቻ ንከሩት። ከውስጥ ጎድጓዳው ጀምሩ፣ ከዚያ ጠርዙ፣ በመጨረሻ ሰፊው ፊት። ስስ ሁለት እጅ ከወፍራም አንድ እጅ ይሻላል፤ ወፍራሙ ላዩ ቀድሞ ይደርቅና ከሥሩ ሲሸበሸብ ይሰነጠቃል። በእጆቹ መካከል አራት ሰዓት፣ የቀዘቀዘ ቀን ከሆነ እስከ ማግሥቱ። የመሳቢያውን ጎንና የሚንሸራተትበትን ሀዲድ አትቀቡ፤ የቀለም ውፍረት ብቻውን መሳቢያውን ያስጨንቀዋል።

ማሳሳት

የሥሩ ቀለም ሲደርቅ ጧፍ ውሰዱ። ወደፊት እንዲሳሳ የምትፈልጉት ቦታ ላይ ብቻ እሹት፤ ከዚያ የላዩን ቀለም ቀቡ። ሰሙ ባለበት ቀለሙ አይይዝም፣ በኋላ በ220 ብርጭቆ ወረቀት ሲነካ በቀላሉ ይለቃል፤ የሥሩ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ይታያል። ሰሙን ብዙ ካደረጋችሁ ግን ቀለሙ በሉህ ይነሣል፤ አንድ ሁለት ጊዜ ማለፍ ይበቃል። የተነሣውን ብናኝ በደረቅ ብሩሽ አራግፉ።

ሥራው የሚከብደው እዚህ ነው፤ ፍርድ ይጠይቃልና። ብዙ ሰው ጠርዙን ሁሉ ከዳር እስከ ዳር እኩል ይፍቃል፣ ቡፌው በእርሳስ የተሰመረ ይመስላል። ዕቃ እንዲህ አያረጅም። ቆማችሁ አስቡ፦ ይህን መሳቢያ ሰው የሚስበው በየት በኩል ነው? ቀኝ እጅ ስለሚበዛ በሩ የሚገፋው በየትኛው ጠርዝ ነው? ጣት የሚያርፈው ከእጀታው ሥር ነው፤ እዚያ ይሳሳ። የላዩ የፊት ጠርዝ መሐሉ አካባቢ፣ ሰው ደገፍ የሚልበት፣ ይሳሳ። የታችኛው እግር፣ ወለል ሲወለወል ውሃና መወልወያ የሚመታው፣ ይሳሳ። የበሩ ሰፊ ፊትና ከግድግዳ የተጠጋው ጎን ማንም አይነካውም፤ ይተዉ። ወንበር ከሆነ የመደገፊያው ጫፍና የእግር ማሳረፊያው። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሠሩ ካሰባችሁት ግማሹን ብቻ አሳስታችሁ ለአንድ ቀን ተዉት፤ በማግሥቱ መጨመር ይቻላል፣ መመለስ ግን እንደገና መቀባት ነው።

የሰፈፍ ሰም

ጎንደር ለዚህ ሥራ የተመቸች ከተማ ናት፤ ጠጅ የሚጣልበት ቤት ሁሉ ሰፈፍ አለ። ሰፈፉን ከማይዝግ ብረት በተሠራ ድስት በብዙ ውሃ ቀስ ብላችሁ አፍሉ፤ ተራ ብረት ሰሙን ያጠቁረዋል። በስስ ጨርቅ አጥልላችሁ ጨምቁት፣ ሳይነካ ይቀዝቅዝ። ሰሙ እንደ እንጎቻ ክብ ሆኖ ላዩ ይረጋል፤ ከሥሩ የተለጠፈውን እድፍ በቢላዋ ፍቁ፣ ጠጅ ጠጅ ማለቱን እስኪተው ሁለት ጊዜ ድገሙት።

ለመቀቢያ 100 ግራም ሰም በ300 ሚሊ ሊትር አኳራጅ ይሟሟል። ሰሙ በጣሳ ሆኖ፣ ጣሳው በፈላ ውሃ ውስጥ ተቀምጦ ይቅለጥ፤ ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፣ ቀጥታ ከሰል ላይ መጣድ አያስፈልገውም። ከቀለጠ በኋላ ከእሳቱ አርቃችሁ፣ ደጅ አውጥታችሁ፣ አኳራጁን እያማሰላችሁ ጨምሩ። ይህን ቅደም ተከተል አትቀይሩ። አኳራጅ በ40 ዲግሪ አካባቢ የሚቀጣጠል ተን ያወጣል፤ ምድጃ አጠገብ የተጨመረ እንደሆነ ቤት ያቃጥላል። ሲቀዘቅዝ እንደ ለጋ ቅቤ መሆን አለበት። ከጠነከረ አኳራጅ፣ ከቀጠነ ሰም ጨምራችሁ እንደገና አቅልጡት፤ ያን ጊዜ አኳራጅ ስላለበት ጣሳውን ከእሳት በወረደ ሙቅ ውሃ ብቻ አሙቁት።

ከአሮጌ ጋቢ የተቀደደ ጨርቅ ለመቀባትም ለመወልወልም ይሆናል። ቀለሙ 24 ሰዓት ከደረቀ በኋላ በስሱ ቀቡ፣ 15 ደቂቃ ቆይታችሁ ትርፉን ጥረጉ፣ በማግሥቱ በንጹሕ ጨርቅ እስኪለሰልስ እሹ። ሁለተኛ እጅ ድገሙ። ከሳምንት በኋላም ጣት ሲነካው የሚለጠፍ ከሆነ ሰሙ በዝቷል ማለት ነው፤ አኳራጅ ጠብ ባለበት ጨርቅ ትርፉን አንሡ።

በተቀረጸው ጌጥ ጎድጓዳ ውስጥ የዕድሜ ጥላ ከፈለጋችሁ ከሰሙ ጥቂቱን ቡናማ የቀለም ዱቄት ለውሱበት። ነገር ግን ንጹሑ ሰም ሁልጊዜ ይቅደም። ጥቁሩ በቀጥታ ደብዛዛው ቀለም ላይ ካረፈ ይመጠጥና እንደ እድፍ ይቀራል፤ ንጹሕ ሰም ካለ ግን የበዛው ተመልሶ ይጠረጋል። የሰፈፍ ሰም ቢጫ ስለሆነ ክሬሙን ያሞቀዋል፣ በፈዘዘው ሰማያዊ ላይ ግን በትንሹ ወደ አረንጓዴ ይወስደዋል። ሰማያዊ ለመረጠ ነጣ ያለ ሰም ይፈለግ።

የቡፌው ላይ ጀበና ወይም ትኩስ ስኒ የሚቀመጥበት ከሆነ ግን ላዩን ሰም አትቀቡት። ትኩስ ዕቃ ሰሙን ያቀልጠውና ነጭ ክብ ይተዋል። ለላዩ ብቻ በውሃ የሚሟሟ ጥርት ያለ ቫርኒሽ ሦስት ስስ እጅ፣ በመካከላቸው በ220 ነካ ነካ እያደረጋችሁ። የዘይት ቫርኒሽ ነጭን ቢጫ ያደርገዋል። የትኛውን የት እንደምትቀቡ አስቀድማችሁ ወስኑ፤ ሰም በነካው ቦታ ቫርኒሽ አይይዝም፣ ተመልሶ በአኳራጅ ማጠብ ነው።

መሳቢያዎቹን በየቁጥራቸው ስትመልሱ የሚንሸራተቱበትን ሀዲድ በጧፍ እሹት። በሮቹን ግን ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ማታ ማታ ጥብቅ አድርጋችሁ አትዝጉ፤ ሁለት አዲስ የተቀባ ጠርዝ ተገናኝቶ ካደረ ይጣበቃል። በሰም የታሸ ቁራጭ ወረቀት በበሩና በመቃኑ መካከል አጣጥፋችሁ አስገቡ፣ ቀለሙ ሲጠነክር ታወጡታላችሁ።